«ኤ»፣ «አን»፣ «ሰም» ወይስ ባዶውን? ለጣና ዳር ሰው የእንግሊዝኛ መምረጫ

እንግሊዝኛ ስናወራ ወይ ስንጽፍ ስም ፊት ምን ይግባ የሚለው ላይ፣ «ዘ» እና «ማይ» የመሰሉትን ወደ ጎን ትተን፣ ምርጫችን አምስት ነው በቃ፦ «ኤ»፣ «አን»፣ «ሰም»፣ ምንም ሳያስገቡ ባዶውን መተው፣ ወይ ደግሞ «ኤ ፒስ ኦፍ»፣ «ኤ ቦትል ኦፍ» እያሉ መለኪያ ማስቀደም። ባህር ዳር ላይ ደግሞ ይሄ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ቱሪስት ዘጌ የሚያደርሰው የጀልባ ልጅ፣ ሪሴፕሽን የቆመችዋ፣ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ካምፓስ ቁጭ ብሎ ቴሲስ የሚጽፈው፣ ኤንጂኦ ጋ ሲቪ የሚያስገባው ሁሉ ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ሲመርጥ ነው የሚውለው። ስለዚህ ምሳሌውን ከዚሁ ከሰፈር ነው የማመጣው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፣ እዚህ «ኤ» እያልኩ የምጽፈው ፊደሉን ለማሳየት ነው እንጂ በንግግር አብዛኛውን ጊዜ «ኧ» ተብላ ቶሎ ነው የምትታለፈው፣ «ኤይ» ብሎ ረግጦ የሚናገር ሰው ወይ አጽንኦት ፈልጓል ወይ ፊደል እያስተማረ ነው።

ከየት ይጀመር?

ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚመጣው «ኤ እና አን» ነው፣ አምስቱ ቫወሎች ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፣ «አን አፕል፣ ኤ ቡክ» እያልን በህብረት እንጮሃለን፣ አለቀ። እኔ ይሄ ተራው ተገልብጧል ባይ ነኝ። በ«ኤ» እና በ«አን» መሀል መሳሳት እኮ ትንሿ ስህተት ናት፣ «ኤ አወር» ብትሉት የማይገባው ፈረንጅ የለም። ትልቁ ስህተት ጭራሽ «ኤ» የማይፈልግ ቃል ላይ መለጠፍ ነው፣ ወይ የግድ የሚፈልገው ላይ መርሳት። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «አሁን በዚህ አረፍተ ነገር የማወራው ለብቻው ስለሚቆጠር ነገር ነው ወይስ ስለ ጥቅሉ?» የሚለው ነው፣ ቀጥሎ «አንድ ነው ወይስ ብዙ?»፣ ድምፁ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

«በዚህ አረፍተ ነገር» የምትለዋን ያዙልኝ። ብዙ ሰው የሚቆጠር እና የማይቆጠር ብሎ ሁለት ዝርዝር ሸምድዶ ይገባል፣ ከዛ «ኮፊ የማይቆጠር ነው» ተብሎ የተማረ ልጅ ካፌ ውስጥ ፈረንጁ «ቱ ኮፊስ ፕሊስ» ሲለው ግራ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ወይ የማይቆጠረው ቃሉ ሳይሆን በቃሉ ያሰብነው ነገር ነው። እንቢ የሚሉ፣ በምንም ተአምር የማይቆጠሩ ጥቂት ቃላት አሉ፣ እነሱን ወደ ታች ለብቻቸው አመጣቸዋለሁ።

ባዶ ወይስ «ኤ»?

አማርኛ በዚህ በኩል አያስጨንቅም። «ጀልባ ተከራየሁ» ብትል አንድ ይሁን ሶስት ማንም አይይዝህም፣ የታወቀች ከሆነች «ጀልባዋን» ትላለህ፣ ካልታወቀች እንዲሁ «ጀልባ»፣ ከፈለግክ «አንድ ጀልባ» ትላለህ ካልፈለግክ ትተወዋለህ። እንግሊዝኛ ግን የሚቆጠር ነገር አንድ ሆኖ ራቁቱን እንዲቆም አይፈቅድም። «አይ ሬንትድ ቦት» የሚባል ነገር የለም፣ ወይ «ኤ ቦት» ወይ «ዘ ቦት» ወይ «ማይ ቦት» ወይ «ዚስ ቦት»፣ የሆነ ነገር ፊቱ መኖር አለበት። ብዙ ከሆኑ «ቦትስ» ባዶውን ይሄዳል፣ «ሰም ቦትስ»ም ይሆናል፣ «ኤ ቦትስ» ግን በፍጹም። ከዚህ ሁሉ ጽሁፍ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይቺን ነው የምሰጠው፣ ምክንያቱም የአማርኛ ተናጋሪ አብዛኛው ስህተት «ኤ» መጨመር ሳይሆን መርሳት ነው።

በተለይ ስራ ስንናገር። «አስተማሪ ናት» ብለን ለምደን «ሺ ኢዝ ቲቸር» እንላለን፣ «ሺ ኢዝ ኤ ቲቸር» ነው። «ሂ ኢዝ አን አካውንታንት»፣ «አይ ወርክ አዝ ኤ ቱር ጋይድ»። ሲቪ ላይ ይሄ ከጎደለ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የሚታየው። ብዙ ከሆኑ ደግሞ «ዜይ አር ቲቸርስ»፣ «ኤ»ዋ ትጠፋለች።

በሽታ ላይ ግን ነገሩ ይበጠበጣል። ጉንፋን «ኤ ኮልድ» ነው፣ ራስ ምታት «ኤ ሄድኤክ»፣ ትኩሳት «ኤ ፊቨር»፣ ወባ ግን ባዶውን «ማሌሪያ»፣ ታይፎይድም እንደዛው። «አይ ሃቭ ኤ ማሌሪያ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል፣ ጣና ዳር ተኖሮ ወባን በእንግሊዝኛ ማወቅ ደግሞ ግድ ነው። ጉንፋን ተቆጥሮ ወባ ለምን አልተቆጠረም ብላችሁ ሎጂክ አትፈልጉበት፣ ልማድ ነው፣ ያዙት እና እለፉ።

«ኤ» ወይስ «ዋን»?

ሁለቱም አማርኛ ላይ «አንድ» ስለሆኑ ይምታታሉ፣ እና ዘመድም ናቸው። በድሮው እንግሊዝኛ አንድ የሚለው ቁጥር ራሱ «አን» ነበር፣ ቆይቶ ቁጥሩ ወደ «ዋን» ሄደ፣ ተዳክማ የቀረችው «አን» ደግሞ በተነባቢ ፊት «ን»ዋን ጥላ «ኤ» ሆነች። ማለትም ታላቋ «አን» ናት። ይሄ ታሪክ ለወሬ ብቻ አይደለም፣ «ኤ» ለምን «ኢንፎርሜሽን» ላይ እና «ቦትስ» ላይ እንደማትገባ ይነግራችኋል፣ ሆዷ ውስጥ እስከ ዛሬ «አንድ» የሚል ቁጥር ስላለ።

ምርጫው ቀላል ነው። ቁጥሩ ራሱ ጉዳይ ከሆነ «ዋን»። ለጀልባ ማህበሩ «ዊ ኒድ ዋን ቦት» ስትል ሁለት አታምጡብን ማለትህ ነው፣ «ዊ ኒድ ኤ ቦት» ስትል ግን ጀልባ ያስፈልገናል በቃ። አንድ ፈረንጅ መጣና ምናምን ብለህ ወሬ ስትጀምር «ኤ ፎሪነር ኬም» ነው፣ «ዋን ፎሪነር» ካልክ ሰሚው ሌሎቹስ የት ሄዱ ብሎ ይጠብቃል። «አንድ ቀን» ብለህ ተረት ስትጀምር ግን «ዋን ደይ» ነው እንጂ «ኤ ደይ» አይደለም። ዋጋ እና ድግግሞሽ ላይ ደግሞ «ኤ» እንደኛ «በ» ትሰራለች፣ በኪሎ «ኤ ኪሎ»፣ በቀን ሁለቴ «ትዋይስ ኤ ደይ»፣ እዚህ ቦታ «ዋን» አይገባም።

አሳው ላይ እንቆይ

አሳ ከምንም በላይ የሚያስተምር ቃል ነው፣ ባህር ዳር ላይ ደግሞ ምሳሌው ታንኳ ሙሉ ነው። ጠዋት ዳር ላይ ሄዳችሁ ደንገል ታንኳው ላይ የተዘረጋውን እዩ፣ አንዱ ቀረሶ ከነቅርፊቱ ከነጅራቱ ለብቻው «ኤ ፊሽ» ነው፣ ጎኑ ያለው ጢማሙ አምባዛም «ኤ ፊሽ»። ሁለት ሲሆኑ «ቱ ፊሽ»፣ «ስ» አይጨመርም፣ ሀያም ቢሆኑ «ትዌንቲ ፊሽ»። ሰውዬው አንዱን አንስቶ በቢላ ቅርፊቱን ገፎ፣ አጥንቱን አውጥቶ፣ ስጋውን ላስቲክ ውስጥ ከጨመረው በኋላ ግን የያዛችሁት «ኤ ፊሽ» አይደለም፣ «ሰም ፊሽ» ነው፣ ወይ «ኤ ኪሎ ኦፍ ፊሽ»። አሳው ያው ነው፣ ቅርጹ ስለጠፋ ብቻ ቆጠራው ቀረ።

እና ምግብ ቤት ገብተህ ምን በላህ ሲሉህ? ጉላሽ ከሆነ «አይ ኤት ፊሽ» ወይ «ሰም ፊሽ»። የሰዋስው መጽሀፍ «ኤ ፊሽ በላሁ» አትበል፣ ሙሉውን ውጠህ ይመስላል ይላል፣ እኛ ጋ ግን ሙሉ አሳ በሰሃን ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ ስለሚመጣ «አይ ኤት ኤ ፊሽ» ብትል ሀቅ ነው የተናገርከው። ምርጫው ሰሃኑ ላይ ያለውን አይቶ ነው ማለት ነው።

«ፊሽስ» የሚባልም አለ፣ ስህተት አይደለም፣ ስለ ዝርያ ሲወራ ነው። ጣና ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የባርበስ ዝርያዎች አሉ፣ ስለነሱ የሚጽፍ ተመራማሪ «ዘ ፊሽስ ኦፍ ሌክ ታና» ቢል ልክ ነው፣ አሳ ነጋዴው ግን አይጠቀምባትም።

ዶሮም በዚሁ ሂሳብ ነው፣ ግቢ ውስጥ የሚጭረው «ኤ ቺክን»፣ ወጥ ውስጥ የገባው «ቺክን»። እንቁላል ደግሞ «አን ኤግ» ነው፣ ግን ሰው ሸሚዙ ላይ ሲያንጠባጥብ «ዜር ኢዝ ኤግ ኦን ዩር ሸርት» ትለዋለህ፣ «አን ኤግ» ካልከው ሙሉ እንቁላል ትከሻው ላይ ተቀምጧል።

ቡና፣ ውሃ፣ ዳቦ

«ዘጌ ኢዝ ፌመስ ፎር ኮፊ» ስንል ባዶውን ነው፣ ስለ ቡና በጥቅሉ። ካፌ ውስጥ «ኤ ኮፊ ፕሊስ» ስኒውን ነው። «ዚስ ኢዝ ኤ ቬሪ ስትሮንግ ኮፊ» ሲባል ደግሞ አይነቱን ወይ የቀረበውን ስኒ። ሶስት አሳብ፣ አንድ ቃል። «ኤ ቢር»፣ «ኤ ቲ»ም እንዲሁ ትእዛዝ ላይ ይሄዳሉ፣ «ኤ ዋተር» ራሱ በንግግር አስተናጋጅ ፊት ይባላል፣ ሜኑ ላይ ወይ ደረሰኝ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ግን «ኤ ቦትል ኦፍ ዋተር» ብትሉ ነው የሚያምረው።

ዳቦ ግን ልብ በሉ። እኛ «ሁለት ዳቦ ስጠኝ» እንላለን፣ እነሱ «ቱ ብሬድስ» አይሉም፣ «ኤ ብሬድ»ም የለም። የሚቆረጠው ትልቁ «ኤ ሎፍ ኦፍ ብሬድ»፣ ትንሿ ክቧ «ኤ ሮል»፣ ቁራሹ «ኤ ስላይስ» ወይ «ኤ ፒስ ኦፍ ብሬድ»። እንጀራን በእንግሊዝኛ አብዛኛው ሰው እንደ ዳቦ ነው የሚይዘው፣ «ሰም ኢንጄራ»፣ «ኤ ፒስ ኦፍ ኢንጄራ»፣ «አን ኢንጄራ» ያለ ሰው ግን ወንጀል አልሰራም። ስኳር፣ ማር፣ ጨው፣ ሩዝ፣ ሳሙና፣ ወረቀት፣ ሁሉም መለኪያ ይፈልጋሉ፣ «ኤ ባር ኦፍ ሶፕ»፣ «ኤ ሺት ኦፍ ፔፐር»። «ኤ ፔፐር» ካልክ ጋዜጣ ወይ የጥናት ጽሁፍ ሆነ፣ ፔዳ ላይ «ሂ ፐብሊሽድ ኤ ፔፐር» ሲሉ ያንን ነው።

እንቢ ባዮቹ

አሁን የተውኳቸው መጡ። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ለጌጅ»፣ «ኢኩዊፕመንት»፣ «ሆምወርክ»፣ «ሪሰርች»፣ «ኒውስ»፣ «ትራፊክ»፣ «ሶፍትዌር»፣ «ፕሮግረስ»፣ «ኤቪደንስ»፣ «ዌዘር»። እነዚህ «ኤ»ንም «አን»ንም አይቀበሉም፣ ቁጥርም መጨረሻቸው ላይ «ስ»ም አይቀበሉም፣ «ኒውስ» ላይ ያለችው «ስ» ራሷ የብዙ አይደለችም፣ «ዘ ኒውስ ኢዝ ጉድ» ነው የሚባለው። ያስቸገሩንም አማርኛ ላይ ያለችግር ስለሚቆጠሩ ነው፣ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ እቃዎች፣ የቤት ስራዎች፣ ጥናቶች እያልን ኖረን እንዴት «ኢንፎርሜሽንስ» አንል? አይዟችሁ፣ ፈረንሳዮቹም ቋንቋቸው መረጃን ስለሚቆጥር እንግሊዝኛ ላይ እንደኛው ይሳሳታሉ።

እዚህ ሶስት መንገድ አለ። ባዶውን ወይ በ«ሰም» መሄድ፣ «አይ ኒድ ሰም ኢንፎርሜሽን»። ወይ መለኪያ፣ «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ»። ወይ ደግሞ ቃሉን ትቶ የሚቆጠር ዘመዱን መጥራት። እኔ የምመርጠው ሶስተኛውን ነው፣ «ኤ ፒስ ኦፍ» በየመስመሩ ሲደጋገም ይከብዳል። በ«ሆምወርክ» ፋንታ «አን አሳይንመንት»፣ በ«አድቫይስ» ፋንታ «ኤ ሰጀስሽን»፣ በ«ለጌጅ» ፋንታ «ኤ ባግ»፣ በ«ሶፍትዌር» ፋንታ «አን አፕ» ወይ «ኤ ፕሮግራም»። ስራን «ወርክ» ካልነው አይቆጠርም፣ «ኤ ጆብ» ካልነው ይቆጠራል፣ «አይ አም ሉኪንግ ፎር ኤ ወርክ» ሲቪ የሚያስገባውን ሁሉ የሚያጋልጥ አረፍተ ነገር ነው። «ትራቭል» አይቆጠርም፣ «ኤ ትሪፕ» ይቆጠራል።

ቴሲስ ላይ ደግሞ «አይ ዲድ ኤ ሪሰርች ኦን ሌክ ታና» አይባልም። ወይ «አይ ዲድ ሪሰርች» ወይ «አይ ዲድ ኤ ስተዲ»። «ኤ ሪሰርች ፕሮጀክት» ግን ልክ ነው፣ ምክንያቱም «ኤ»ዋ የ«ፕሮጀክት» ናት፣ «ሪሰርች» መሀል የገባ ገላጭ ብቻ ነው። ይቺ ዘዴ ብዙ ቦታ ታድናለች፣ «አን ኢንፎርሜሽን ዴስክ»፣ «ኤ ፈርኒቸር ሾፕ»፣ «ኤ ኮፊ ሴሪመኒ»፣ ሁሌ መጨረሻ ላይ ያለውን ስም እዩ።

«ትራፊክ» ለብቻዋ ትነሳ። አማርኛ ላይ ትራፊክ ማለት ነጭ ኮፍያ አድርጎ ባጃጅ የሚያስቆመው ሰውዬ ነው፣ እንግሊዝኛ ላይ ግን መንገድ ላይ ያለው የመኪና ፍሰት ነው። ስለዚህ «ኤ ትራፊክ ስቶፕድ ሚ» ያለ ልጅ ፈረንጁ ትርጉሙን ሲያብሰለስል ይውላል፣ «ኤ ትራፊክ ፖሊስ ኦፊሰር» ነው። «ስታፍ»ም እንደዛው፣ አንድ ሰራተኛ «ኤ ስታፍ» አይባልም፣ «ኤ ስታፍ ሜምበር»።

ቅጽል ሲጨመር ደግሞ ብዙዎች ይሳሳታሉ፣ «ዌዘር» ላይ «ኤ» እንደማይገባ የሚያውቅ ሰው «ጉድ» ሲጨምርበት «ኤ ጉድ ዌዘር» ይላል። አይሆንም፣ «ጉድ ዌዘር» ባዶውን። «ኤ ጉድ ኢንግሊሽ»ም የለም። ግን «ኖውሌጅ» ከህጉ ወጣ ትላለች፣ «ኤ ጉድ ኖውሌጅ ኦፍ ኢንግሊሽ» ትክክል ነው፣ ሲቪ ላይ ጻፉት። «ኤክስፒሪየንስ» ደግሞ ሁለት ነች፣ የስራ ልምድ ከሆነ አይቆጠርም፣ «አይ ሃቭ ኤክስፒሪየንስ ኢን ሆቴል ወርክ»፣ ያጋጠመ ነገር ከሆነ ይቆጠራል፣ ቱሪስቷ ከዘጌ ስትመለስ «ኢት ዋዝ አን አሜዚንግ ኤክስፒሪየንስ» ትላለች። «ኤክስፒሪየንስስ» ብሎ የስራ ልምድ የሚጽፍ ሰው ያጋጠሙትን ነገሮች እየዘረዘረ ነው የሚመስለው።

ባዶ ወይስ «ሰም»?

የማይቆጠር ወይ ብዙ መሆኑን ካወቃችሁ በኋላ የሚቀረው ይሄ ነው። ስለ ጥቅሉ ከሆነ ባዶ፣ የተወሰነ መጠን ከሆነ «ሰም»። «አይ ላይክ ሃኒ» ማርን እወዳለሁ፣ «አይ ቦት ሰም ሃኒ» የሆነ ያህል ገዛሁ። «ፔሊካንስ ኢት ፊሽ» ፔሊካን አሳ በላተኛ ነው ማለት ነው፣ «ሰም ፔሊካንስ ኢት ፊሽ» ካላችሁ ሌሎቹ አይበሉም ብላችኋል፣ ጣና ላይ እንዲህ አይነት ፔሊካን ፈልጋችሁ አታገኙም። የለም ስትሉ «ኤኒ»፣ «ዊ ዶንት ሃቭ ኤኒ ፊሽ ቱደይ»፣ ጥያቄም እንዲሁ፣ ስትጋብዙ ግን «ዉድ ዩ ላይክ ሰም ኮፊ?» ይሻላል፣ «ኤኒ» ካላችሁ መጋበዙን ትታችሁ ሰውዬው ይፈልግ እንደሆነ የምታጣሩ ትመስላላችሁ።

«ሊትል» እና «ፊው» ላይ አንዲት «ኤ» ትርጉሙን ትገለብጠዋለች። ደቅ ደሴት ልትሄዱ ስትሉ ጀልባ ነጂው «ዊ ሃቭ ኤ ሊትል ፊዩል» ካላችሁ ትንሽ አለን፣ እንሂድ ነው። «ዊ ሃቭ ሊትል ፊዩል» ካላችሁ ግን የለንም በሉት፣ ደቅ ደግሞ ሩቅ ነው። «ኤ ፊው ላይፍ ጃኬትስ» የተወሰኑ አሉ፣ «ፊው ላይፍ ጃኬትስ» እጥረት አለ። ለቱሪስት የምትነግሩ ከሆነ ይቺን «ኤ» አትዋጧት።

መጨረሻ ላይ ድምፁ፣ እሱንም በፊደላችን

«ኤ» ወይስ «አን» የሚወሰነው በሚሰማው ድምፅ ነው እንጂ በእንግሊዝኛው ፊደል አይደለም፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሲጻፍ ዐይን ያታልላል። እኛ ደግሞ እነሱ የሌላቸው መላ አለን። ቃሉን እንደሚነበበው በግዕዝ ፊደል ጻፉት። በ«አ» ቤት ከጀመረ፣ አ ኡ ኢ ኤ ኦ ወይ «ኧ»፣ «አን» ነው። በሌላ በማንኛውም ፊደል ከጀመረ፣ የ፣ ወ እና ሀን ጨምሮ፣ «ኤ» ነው።

ሞክሩት። ሰአት «አወር»፣ በ«አ» ጀመረ፣ «አን አወር»፣ ግማሽ ሰአትም «ሃፍ አን አወር»። ደሴት «አይላንድ»፣ «አን አይላንድ»። «ዩኒቨርሲቲ» በ«ዩ» ጀመረ፣ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»፣ ስለዚህ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲን ስታስተዋውቁ «አን ዩኒቨርሲቲ» አትበሉ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 የዩኔስኮ ባዮስፊር ሪዘርቭ ሆኗል፣ ያም «ኤ ዩኔስኮ ባዮስፊር ሪዘርቭ» ነው፣ ይሄ ብሮሹር ላይ ሁሌ የሚመጣ ነው። የአንድ ቀን ጉብኝት «ኤ ዋን ደይ ቱር»፣ ጉማሬ «ኤ ሂፖ»፣ ሆቴል «ኤ ሆቴል»፣ ታማኝ ሰው ግን «አን ኦነስት ማን»። ምህጻረ ቃልም ላይ ይሰራል፣ «አን ኤንጂኦ»፣ «አን ኤምኤ»፣ «ኤ ቢኤ»፣ «አን ኤቲኤም»፣ «አን ኤችአይቪ ቴስት»፣ «ኤ ዩኤን ካር»። ሀኪሞች የሚሉት «ኤክስሬይ»ም «አን» ነው።

መላው የሚከሽፈው ቃሉን በአማርኛ አጠራር ከጻፋችሁት ነው። «አውሮፓዊ» ብላችሁ በ«አ» ጀመረ ካላችሁ ተሳሳታችሁ፣ እንግሊዝኛው «ዩሮፒያን» ነው፣ «ኤ ዩሮፒያን»። መሀል ቅጽል ከገባም የሚታየው ቀጥሎ ያለው ቃል ነው፣ «ኤ ሞናስተሪ» ግን «አን ኦልድ ሞናስተሪ»፣ «አን አይላንድ» ግን «ኤ ስሞል አይላንድ»። ቅጠላ ቅጠል የሚለውን «ኸርብ» እንግሊዞቹ በ«ኤ»፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ «ኧርብ» ስለሚሉት በ«አን»፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሁሉንም አንድ ሜሴጅ ላይ እንያቸው። አስጎብኚ ልጅ በዋትሳፕ እንዲህ ቢጽፍ እንበል፦ «ሄሎ፣ አይ አም ጋይድ። አይ ሃቭ ቦት ኤንድ አን ኢንፎርሜሽንስ አባውት ኡራ ኪዳነ ምህረት። ኢት ቴክስ ኤ አወር። ብሪንግ ሃት ኤንድ ኤ መኒ ፎር ዘ ቲኬት። ዊ ጊቭ ዩ ኤ ዋተር ኤንድ ኤ ፍሩትስ።» ፈረንጁ ይገባዋል፣ ይመጣልም ይሆናል። ግን እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «ሄሎ፣ አይ አም ኤ ጋይድ። አይ ሃቭ ኤ ቦት ኤንድ ጉድ ኢንፎርሜሽን አባውት ኡራ ኪዳነ ምህረት። ኢት ቴክስ አባውት አን አወር። ብሪንግ ኤ ሃት ኤንድ ሰም መኒ ፎር ዘ ቲኬት። ዊ ጊቭ ዩ ኤ ቦትል ኦፍ ዋተር ኤንድ ሰም ፍሩት።» «ጋይድ»፣ «ቦት» እና «ሃት» አንድ ሆነው የሚቆጠሩ ስለሆኑ «ኤ» ተጨመረላቸው፣ ኮፍያውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ሌላ እቃ ጋር «ኤንድ» ተብሎ ሲደረደርም የራሱን «ኤ» ይፈልጋል። ገንዘብ ምንም ብንቆጥረው በእንግሊዝኛ «መኒ» አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው ብሩ ነው። «ፍሩት» ምግብ ሆና ስትቀርብ አትቆጠርም፣ ማንጎው ግን ይቆጠራል፣ «ኤ ማንጎ»።

ስትጠራጠሩ የት ይታያል? ስልካችሁ ላይ የተማሪ መዝገበ ቃላት አውርዱ፣ የእንግሊዝኛ ለእንግሊዝኛው ማለቴ ነው፣ ስሙ አጠገብ የሚቆጠር ከሆነ «ሲ» ፊደል፣ የማይቆጠር ከሆነ «ዩ» ፊደል ያደርጋሉ። አንድ ቃል ላይ ሁለቱም ካሉ ትርጉሞቹን አንድ በአንድ አንብቡ፣ ልክ እንደ «ኤክስፒሪየንስ» የትኛው ትርጉም በየትኛው እንደሚሄድ እዛው ይነግራችኋል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙት አፖች ብዙዎቹ ይሄን ስለማያሳዩ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅሙም። የፈተና አዳራሽ ውስጥ ስልክ የለምና ከባዶው ቦታ በኋላ ያለውን እዩ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ የብዙ «ስ» ካለ «ኤ» እና «አን» ወዲያው ይሰረዛሉ፣ ስሙ ከእንቢ ባዮቹ አንዱ ከሆነም እንዲሁ፣ «ማች» ካያችሁ የማይቆጠር፣ «ሜኒ» ካያችሁ የሚቆጠር ነው እየተባለ ያለው። ስሙ አንድ ሆኖ የሚቆጠር ከሆነ እና ፊቱ «ዘ» ወይ «ማይ» የመሰለ ነገር ከሌለ ደግሞ «ምንም አይገባም» የሚለውን ምርጫ ሳታቅማሙ ሰርዙት።